ስምንት ቤት በአንድ ካባ

ከሁሉ አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ ያልገባኝን ነገር «አልገባኝም» ብዬ የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ሙያዬ ልብስ ሰፊነት ነው፤ ልብስ ሰፊ ደግሞ ደንበኛው ፊት ካመነታ ደንበኛው ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል። ስለዚህ «አውቀዋለሁ፣ ይቻላል» ማለት ከመቀሴ ቀጥሎ ዋናው መሣሪያዬ ነበር። ይህ ጠባዬ በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ላይ እርጉዝ ሚስቴንና ሰባት ጎረቤቶቼን ሜዳ ላይ ሊያስቀርብኝ ነበርና፣ ነገሩን ከነውርደቴ ላጫውታችሁ።

ስሜ ዘውዴ ነው። የደምበጫ ልጅ ነኝ። ማርቆስ የገባሁት በእጅ የምትዞር የስፌት መኪና በአህያ ጭኜ ሲሆን፣ ከገበያው በታች ካሉት ስምንት ጎጆዎች አንዱን ተከራይቼ ከባለቤቴ ከይታይሽ ጋር እኖር ነበር። ጣሊያን ገብቶ ዓመት ሊሞላው ሲል እሷ ወሯ ገባ። እኔም አባት ልሆን ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሁለት አስካሪዎች፣ ማለት ለጣሊያን ያደሩ ጥቁር ወታደሮች፣ አስከትሎ ወደ ሰፈራችን ወረደ።

አስተርጓሚው አቶ ገብራይ ይባላል፤ ከመረብ ማዶ የመጣ፣ ፈገግታ የማያውቅ ቀጭን ሰው ነው። ኮቱ ትከሻው ላይ ሁለት ጣት ይሰፋዋል። ሁላችንንም ሰብስቦ፣ «ይህ ቦታ የካሚዮን ማቆሚያ እንዲሆን ታዟል። እስከ ቅዳሜ ማታ ልቀቁ። እሑድ ጠዋት ይፈርሳል» አለን።

ጠላ የምትሸጠው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ፣ «ጌታው፣ እሑድ እኮ ልደታ ናት» አለችው።

«ካሚዮን በዓል አያከብርም» አለና ሄደ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤት ፍለጋ ተነሣሁ። እናንተ ዛሬ ቤት ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ፣ ያን ጊዜ አላያችሁም። ከባላገሩም ጦርነት የሸሸው፣ ከጣሊያን ጋር ሥራ ያለው፣ ሁሉም ማርቆስ ገብቷል። ገበያው ዳር ያሉት ቤቶች ለወታደሮች መጠጥ መሸጫ ስለሚፈለጉ ባለቤቶቻቸው እኔን ዞር ብለውም አያዩኝ። ወደ ላይ ከጣሊያኖቹ ካምፕ አጠገብ ያለው ሰፈር የሹማምንቱና የወዳጆቻቸው ነው። አንዲት ሴትዮ ጥሩ ክፍል አሳይታኝ ደስ ሲለኝ፣ «ሕፃን ግን አልወድም» አለች። ሌላው ሰውዬ ደግሞ የቤቱን እኩሌታ ሰጠኝ፤ እኩሌታውን አስቀድሞ የያዘው በሬ ነበር። «ዋጋውን ያረከስኩልህ ለእሱ ብዬ ነው እንጂ ምንም አያስቸግርህም» ሲለኝ፣ በሬው አንዴ አየኝና ፊቱን አዞረ። ወንዙ ዳር ርካሽ ጎጆ አለ ብለውኝ ሄጄ ሳይ፣ በክረምት ወንዙ እዚያው ቤት ውስጥ እንደሚያልፍ ግድግዳው ላይ ያለው የጭቃ መስመር ይናገራል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ አንድ ጠላ ቤት ተቀመጥኩ። አጠገቤ ሁለት ደብተራዎች ያወራሉ።

አንዱ፣ «መሪጌታ ጥበቡ እኮ ለጊዮርጊስ ስምንት ቤት በአንድ ጀምበር ሠራ» አለ።

«ምን አደረገው?»

«ለአንዱ በአንድ ቁና ጤፍ ሰጠው። እሱ ለቸገረው ሰው ርካሽ ነው።»

ጠላዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ። እናንተ ነገሩ ገና ከአሁኑ ገብቷችሁ ይሆናል፤ ፊደል ሳትቆጥሩ አላደጋችሁማ። እኔ ግን በሐሳቤ የታየኝ የመሪጌታው ተማሪ ሁሉ ጭቃ ሲረግጥ፣ ሣር ሲያቀብል፣ በአንድ ቀን ስምንት ጎጆ ሲቆም ነው። ይህን ያህል ሠራተኛ ያለው ሰው ቤቱን በጤፍ ቢሰጥ አይገርምም አልኩ።

መሪጌታ ጥበቡን ያገኘኋቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ተማሪዎቻቸው ጎጆ ቀልሰው በሰፈሩበት ተዳፋት ላይ፣ ዛፍ ሥር ብቻቸውን ቁርበት ላይ ተቀምጠው ነው። የለበሱት ካባ ክርኑ ላይ ተበልቷል። እጅ ነሣሁና፣ «የኔታ፣ ቤት ፈልጌ ነው የመጣሁ» አልኳቸው።

«ስንት ቤት?»

«ስንት ይባላል የኔታ፣ አንድ ነው እንጂ።»

ሳቁ። «አንድ ቤት ብቻውን አይቆምም ልጄ። ትንሹ ሁለት ነው።»

አነጋገራቸውን የተረዳሁ ለመምሰል ራሴን ነቀነቅኩ። ጎጆ ለጎጆ ተደጋግፎ የሚሠራ መስሎኝ ነው። «ለመቼ ነው የምትፈልገው?» አሉኝ።

«ለልደታ ካልደረሰ አይሆንልኝም።»

«ይደርሳል። ለልደታ ስምንት ቤት ነው የሚያምረው።»

«ስምንቱንም? ዋጋውስ?»

«ሁለትም ሆነ ስምንት የእኔ ዋጋ ያው ነው፤ የሰጡኝን ነው።»

ልቤ ዘለለች። ሆኖም ገዥ ሰው ችኩል መምሰል የለበትምና ኮስተር ብዬ መመርመር ያዝኩ። «ጠንካራ ነው ታዲያ? ዝናብ ንፋስ አይፈታውም?»

«እኔ ያቆምኩት ቤት ፈርሶ አያውቅም።»

«ውስጡስ ሰፊ ነው?»

«ለገባበት ሰፊ ነው። ብዙው ሰው ግን በሩ ጠፍቶት ከደጅ ይመለሳል» አሉ፣ ደስ እያላቸው። አነጋገሬን ወደውታል።

«ከእኔ በፊት የነበረበት ሰው አለ?»

«ሌላ የገባበትን ለማንም አልሰጥም። አዲስ ነው።»

«አሁን የት ነው ያለው?»

ጣታቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። እኔ ደግሞ የጣታቸውን አቅጣጫ ተከትዬ ከራሳቸው በላይ ያለውን ሰፊ ሜዳ አየሁና፣ ቦታው ግሩም ነው አልኩ። ከዚያ የመጨረሻውን ሐሳቤን አነሣሁ፦ «እንግዲህ ባለቤቴ ካላየችው...»

«ጎሽ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «ባለቤት ሳይታወቅ ቤት አይሠራም። ባለቤቷን ንገረኝ። ማን ናት?»

ግራ ቢገባኝም ነገርኳቸው። ልትወልድ የደረሰች ናት፤ ከቤቷ አባረዋታል፤ ቤቷን አፍርሰው ካሚዮን ሊያቆሙበት ነው፤ የምትወልድበት ጥላ የላትም። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆጠሩ።

«እሷን ባለቤት አድርጌ እሠራዋለሁ» አሉ በመጨረሻ።

ቤቱን በሚስቴ ስም ሊያደርጉት ነው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ፤ እኔ ቆሜ ሳለሁ። ግን ስምንት ቤት ነውና ተውኩት። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩት ጥቁር ጨርቅ ስለነበረኝ አዲስ ካባ ልሰፋላቸው ተስማማን፤ ርክክቡ ቅዳሜ ጠዋት ሆነ።

ቤት ገብቼ ለይታይሽ ብነግራት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «ቤቱን አየኸው?» አለችኝ።

«በጣታቸው አሳዩኝ።»

«ገባህበት?»

«አዲስ ነው፤ ሰው አልገባበትም።»

«በሩ ወዴት ይዞራል?»

«በሩን ብዙ ሰው አያገኘውም አሉ።»

«አንድ ካባ ስምንት ቤት የሚገዛ ከሆነ፣ አንተ ስንት ዓመት ካባ ስትሰፋ በሰው ጎጆ ለምን ኖርክ?»

ከእሷ አምልጬ ወደ ጎረቤቶቻችን ወጣሁ። እነሱም እንደ እኔ ሲንከራተቱ ሰንብተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። አንዱን ለእኛ፣ ሰባቱን ለእናንተ ስላቸው እትዬ ብርቄ እልል አለች፤ ጠላ ለመሸጥ እንዲመቻት የመንገድ ዳሩን ጠየቀችኝና ፈቀድኩላት። አያ ካሴ የሚባል፣ ዓመት ሙሉ ኩርፊያ ላይ የነበረ ጎረቤቴ፣ «ያቺን የስፌት መኪና እኔ ነኝ የምሸከማት» አለኝ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ካባ ስሰፋ ሰው ሁሉ እየመጣ «ጌቶች እንዴት ዋሉ» ይለኝ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንት ቤተሰብ፣ እንስራው፣ ዶሮው፣ ቁርበቱ፣ ሁለት አህያ፣ ከፊት እኔ ካባውን በክንዴ ይዤ፣ ከኋላ ይታይሽ በሴቶች ተደግፋ፣ ወደ ተዳፋቱ ወጣን። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን እንደለበሱ ዛፉ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። መሪጌታ ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ፣ ቅኔያቸውን ሊሰማ የመጣ መስሏቸው ፊታቸው በራ። ካባውን አለበስኳቸው። ልክ ሆነ።

«እንግዲህ የኔታ፣ ቤቱን ያስረክቡን» አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«እሺ። ስማ፤ በቃልህ ያዝ» አሉና በግዕዝ ጀመሩ። ቤቱን የሚባርኩ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ፤ ከኋላዬ ያለውም ሁሉ አንገቱን ደፋ። አንድ ይላሉ፣ ያርፋሉ፤ ይቀጥላሉ፣ ያርፋሉ። ሲጨርሱ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «ይበል» አሉ።

«ይኸው፤ ስምንት ቤት» አሉኝ መሪጌታ።

«የት?» አልኳቸው።

«ልድገምልህ?»

ያን ጊዜ ከተማሪዎቹ አንዱ ደበሎውን አፉ ላይ አድርጎ መንፈቅፈቅ ጀመረ፤ ከዚያ ሁሉም። ለካ በቅኔ ትምህርት ቤት አንዱ የግጥም ስንኝ «ቤት» ይባላል፤ «ባለቤት» የሚሉትም ነገሩ የሚነገርለት ሰው ነው። እኔ ለበዓል የሚዘረፍ ስምንት ስንኝ ቅኔ ነው የገዛሁት። ይታይሽ አንድ ጥቅል ላይ ቁጭ አለችና በቀስታ፣ «ዘውዴ፣ ምንድን ነው የገዛኸው?» አለችኝ። አያ ካሴ የስፌት መኪናዬን መሬት ላይ አስቀመጠና ኩርፊያውን ካቆመበት ቀጠለ። አፈርኩ፤ መሬት ብትከፈት ገብቼ ከውስጥ እዘጋው ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ያዩ ሁለት አስካሪዎች መጡ። «ይኸ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?» ሲሉ፣ እትዬ ብርቄ ንዴቷ ገና አልበረደም ነበርና፣ «ይኸ ደብተራ ስምንት ቤት አለኝ ብሎ ካባ ከወሰደ በኋላ ካደን» አለቻቸው። ያን ጊዜ ቤት ያለው ሁሉ ማስመዝገብ ነበረበት፤ የደበቀ ይታሠራል። አስካሪዎቹ ስምንት ቤት የሚለውን ሲሰሙ መሪጌታን፣ እኔንና እትዬ ብርቄን እየነዱ ወደ ቢሮ ወሰዱን። መንገድ ላይ እትዬ ብርቄ ጥፋቷ ገብቷት ታለቅስ ጀመር። እኔ የማስበው ሁለት ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ የተውኳትን ሚስቴን፣ በእኔ ድንቁርና እስር ቤት የሚገቡትን ሽማግሌ።

ጣሊያናዊው ሹም ወፍራም መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። አቶ ገብራይ አጠገቡ ቆሞ ያስተረጉማል።

«ስምንት ቤት አለህ ወይ ይልዎታል።»

መሪጌታ ተቆጡ። «ስምንት ብቻ? እኔ የሠራሁት ቤት ተቆጥሮ ያልቃል?»

ሹሙ ብዕሩን አነሣ። «የት የት ናቸው ይላል።»

«ደብረ ወርቅ አለ፤ አማኑኤል አለ፤ ያልደረሰበት ደብር የለም።»

«አሁን በማን እጅ ናቸው ይላል።»

«በያገሩ ሰው ይዞታል፤ እኔን ማን ያስታውሰኛል» አሉ በምሬት።

ሹሙ እየጻፈ ነው። መሪጌታ በተናገሩ ቁጥር እስሩ አንድ ዓመት ይጨምራል። ይህን ጊዜ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ፦ «ጌታው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አልገባኝም ነበር። ቤቱ የቅኔ ቤት ነው፤ የግጥም። እኔ የጭቃ መስሎኝ ነው። ገብቶኛል አልኩ እንጂ ምንም አልገባኝም።»

አቶ ገብራይ ተረጎመ። ሹሙ አላመነም፤ «ግጥም ከሆነ ይበለው፤ እቆጥራለሁ» አለ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አዲሱን ካባ አስተካክለው ጀመሩ። ሹሙ በእያንዳንዱ ቤት ወረቀት ላይ አንድ ጭረት ይጭራል። እኔ ግዕዝ አላውቅም። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን አንዲት ቃል ገባችኝ፤ ባትገባኝ በወደድኩ። «መንኮራኩር» አሉ።

ሐሙስ ዕለት ስለ ካሚዮኑ ያወራሁላቸው ትዝ አለኝ። ኋላ ተማሪዎቹ እንደፈቱልኝ ቅኔው ሰሙ ስለ ሐና ነው፤ ድንግል ማርያምን ልትወልድ ስትደርስ ከቤቷ ተባርራ ተራራ ላይ ስለወለደችው። ወርቁ ግን፣ የደረሰች ሴት ቤት አፍርሰው መንኮራኩር የሚያቆሙ ሰዎች ነገ ራሳቸው በዚያው መንኮራኩር ተጭነው ይሄዳሉ የሚል ነው። ይህን በሹሙ ፊት፣ በሹሙ ቢሮ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሉት።

ሹሙ ጭረቱን ቆጠረ፤ ስምንት ሆነ። ወደ አቶ ገብራይ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ምን ማለት ነው ማለቱ መሆኑ ያስታውቃል። አቶ ገብራይ መሪጌታን አየ፤ ካባቸውን አየ፤ ከዚያ በጣሊያንኛ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ተናገረ። ሹሙ ሳቀና መዝገቡን ዘጋ።

«ስለ ድንግል ማርያም ልደት የተገጠመ ነው ብዬዋለሁ» አለን አቶ ገብራይ። «እሱም፣ ግድግዳ ያለው ቤት ስታገኙ ተመለሱ ብሏችኋል።»

እስከ ደጁ ሸኘን። አስካሪዎቹ ራቅ ሲሉ ወደ መሪጌታ ጎንበስ አለና፣ «የኔታ፣ ሰባተኛው ቤት ላይ ወርቁ ወጣ ብሏል። ለነገ ትንሽ ሸፈን ያድርጉት» አላቸው።

መሪጌታ እጅጌውን ያዙት። «የት ነው የተማርከው?»

«ረስቼዋለሁ» አለና ተመለሰ።

ከሞት አምልጠናል፤ ሰው ቢሆን እግዚአብሔርን ያመሰግናል። መሪጌታ ግን መንገዱን ሁሉ፣ «ሰባተኛው ከተነካ እኮ ስምንተኛው ይወድቃል፤ ምን ያውቃል እሱ» እያሉ ይነጫነጩ ነበር። እትዬ ብርቄ እግራቸው ሥር ወድቃ ይቅርታ ብትጠይቃቸው እንኳ ልብ አላሏትም።

ተዳፋቱ ላይ ስንደርስ ሴቶች ከብበው ቆመዋል። ይታይሽን ምጥ ይዟታል። ዝናብ ያንጠባጥባል፤ ሰባቱም ቤተሰብ ዕቃው ላይ ተቀምጦ እኔን ያየኛል፤ የሚሰድበኝ እንኳ የለም። መሪጌታ ከንጭንጫቸው ነቁ። ሚስቴን አዩ። ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር ሲለወጥ አየሁ፤ የቅኔያቸው ባለቤት ለካ እውነተኛ ሰው ኖራለች።

«ጎጆ ልቀቁ» አሉ ለተማሪዎቻቸው። «አራት አራት ሆናችሁ ተጠጉ።»

ተማሪዎቹ ቅሬታ ሳያሰሙ ደበሏቸውንና ቅላቸውን ይዘው ወጡ። የተለቀቁት ጎጆዎች አምስት ናቸው፤ ለስምንት ቤተሰብ ተጨናንቀን ገባን። የእኛዋ ከወገብ ጎንበስ ብለው የሚገቡባት፣ ገብተውም ቀና የማይሉባት፣ ከምድጃዋ በላይ የምታፈስ ጎጆ ናት። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ ሲዘረፍ ልጄ ተወለደች። ቅኔውን የዘረፉት ራሳቸው መሪጌታ ናቸው፤ የገዛው ሰው ሊለው አይችልማ። ሰባተኛው ቤት ላይ መንኮራኩር የሚል ቃል እንዳልነበረ ተማሪዎቹ ነግረውኛል። ስምንተኛውም አልወደቀም።

በዚያው ቀረን። ኪራይ ማንም አልጠየቀን፤ እኛ ግን ምግብ ስንሠራ ለተማሪዎቹ እንጨምራለን፣ እኔም ደበሏቸውን እጠግናለሁ። እነሱ ቁራሽ ለመለመን ከውሻ ጋር እየተታገሉ ሩቅ መሄድ ተዉ፤ በክረምቱም ጭቃ ረግጠው፣ ሣር አቀብለው፣ ግድግዳ ያላቸው ቤቶች ጎን ለጎን አቆሙልን። በአንድ ጀምበር ግን አልነበረም።

አንባቢዎቼ፣ ያ ቀን ምን ለወጠብህ ብትሉኝ፣ አፌን ነው የምላችሁ። ዛሬ ደንበኛ መጥቶ የማላውቀው ስፌት ሲጠይቀኝ «አልገባኝም፣ ያስረዱኝ» እላለሁ። አንዳንዱ ጨርቁን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ይሂድ። ደግሞም ሰውን በልብሱ መለካት ትቻለሁ። ኮቱ የሚሰፋው ሰው ውስጡ ምን እንዳለ በሜትር አይታወቅም፤ አቶ ገብራይን ላመሰግነው ሳልችል አገሩ መሄዱን ሰማሁና እስካሁን ይቆጨኛል።

ጣሊያን በመጣበት መንገድ ሲወጣ ካሚዮኖቹም ሄዱ። አንድ ቀን ወደ ድሮው ሰፈራችን ወርጄ አየሁት፤ ቦታው ባዶ ነው፤ ሣር ጀምሮታል፤ ለገበያም ለወፍጮም ይቀርባል። ባለመሬቱም እንደ ድሮው ልትኖሩበት ትችላላችሁ አለኝ። እየሮጥኩ ተመለስኩ። ይታይሽ ደጃፋችን ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ ልጃችን ከተማሪዎቹ ጋር ዛፉ ሥር ተቀምጣ እነሱ ያሉትን እየተከተለች ትላለች።

«ቦታው ተለቋል» አልኳት። «እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለሳ።»

ከጎመኑ ቀና ብላ አየችኝ።

«ከየት?» አለችኝ።